ያልታመመ ሰው መድኃኒት

ሲያመን እንኳ መድኃኒት መጨረስ የሚከብደን ሰዎች ነን። ትኩሳቱ ከበረደና ሳሉ ጋብ ካለ የተረፈው ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ላለ ሰው «አልታመምክም፤ ግን ሦስት ወር መድኃኒት ትውጣለህ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ባለፈው ክረምት ሐዋሳ፣ በእናቴ ግቢ ውስጥ አይቻለሁ። ስለ ቲቢ መከላከያ ሕክምና ልጽፍ የተነሣሁትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ አለ፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ እንደሚሠራም ከተረጋገጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሚጎድለው ንግግር ነው። ታማሚዋ ከእነማን ጋር እንደምትኖር ሳትፈራ የምትናገርበት፣ አብረዋት የሚኖሩትም «እኔ ምን አገባኝ?» ብለው የሚጠይቁበትና የሚያረካ መልስ የሚያገኙበት ንግግር።

የእናቴ ግቢ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙም አይርቅም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ከሲዳማ ገጠሮች፣ ከወላይታና ከሌላም አካባቢ ወጣት ሴቶች በብዛት ወደ ከተማዋ ገቡ፤ ቤት የነበረው ሁሉም በጓሮው ሰርቪስ ክፍል መሥራት ጀመረ። እኛም ቤት ጀርባ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ክፍሎች አሉ፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ለሁሉም የጋራ የሆነ ቧንቧ። የፋብሪካ ደመወዝ ብቻውን ኪራይ ስለማይችል በአንድ ክፍል አራት ሆነው ይኖራሉ። ሁለት ፍራሽ ይነጠፋል፤ የቀን ፈረቃ የምትሠራዋ ስትነሣ ከሌሊት ፈረቃ የምትመለሰው ትተኛበታለች። ከሐይቁ በኩል የሚመጣውን ትንኝ ሽሽት ደግሞ መስኮቱ ገና ከአመሻሹ ይዘጋል። ወባን የሚፈራ ሰው አየሩን ዘጋ ብሎ መውቀስ አይቻልም። ቲቢ ግን የሚተላለፈው በአየር ነው፤ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የሳለ ሰው ያወጣው አየር እዚያው ይዞራል።

የታመመችው ልጅ ከአራቱ አንዷ ነች። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና የምትሠራበትን ግን አልጠቅስም። ሳል ሲጀምራት «ብርድ ነው» አለች። እናቴ ዝንጅብል በማር አፍልታ ሰጠቻት፤ ዳማከሴም ተጨምቆላት ጠጣች። ከመድኃኒት ቤት የገዛችው ኪኒንም ለጊዜው ያሻላት መስሎ ነበር። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቃት እንደነበረ፣ ቀሚሷ እየሰፋት መሄዱን፣ የምግብ ፍላጎቷም መጥፋቱን ማንም አንድ ላይ አገጣጥሞ አላየውም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የአክታ ምርመራ እንደሚያስፈልገው በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፏል፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የምትውል ልጅ ግን ጤና ጣቢያ ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ አለባት፤ የቀረችበት ቀንም ከደመወዟ ይቆረጣል። በመጨረሻ ሄደች፤ አክታዋ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ተመርምሮ ቲቢ መሆኑ ታወቀ። ለመደበኛው ቲቢ የሚሰጠውን የስድስት ወር ሕክምናም ጀመረች።

ሲስተሯ መድኃኒቱን ስታስጀምራት «ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ብቻዬን» አለች።

ይህን መልስ በሰማሁ ጊዜ አልፈረድኩባትም። የፈራችውን ነገር መቁጠር አያዳግትም፦ አከራይ ቤት ታስለቅቀኛለች፤ ጓደኞቼ ይሸሹኛል፤ ወሬው ፋብሪካ ደርሶ ሥራዬን ያሳጣኛል፤ አገር ቤት ያለች እናቴ ሰምታ ትደነግጣለች። ቲቢ ይዞታል የተባለን ሰው ሌሎች በሌላም በሽታ እንደሚጠረጥሩት ታውቃለች። አንዲት ጎረቤታችን በኋላ ወሬውን ስትሰማ ልጅቷ ቡና የጠጣችበትን ሲኒ ለይታ ማስቀመጧን አይቻለሁ። ቲቢ በሲኒ፣ በሳህን፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ተገቢውን መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። በዚያ ግቢ አስጊ የነበረው ጊዜ ማንም ምንም ሳያውቅ ያለፈው ጊዜ ነበር።

ነገሩ የወጣው በእናቴ በኩል ነው። ልጅቷ በማለዳ መድኃኒት ስትውጥ ደጋግማ አየቻትና አንድ ቀን አስቀመጠቻት።

«ከቤት ታስወጣኛለች ብለሽ ነው የደበቅሽኝ?»

«አዎ እማማ።»

«አላስወጣሽም። ልጆቹስ ያውቃሉ?»

ልጅቷ አለቀሰች። በማግስቱ እናቴ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ አብራት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ የአብሮ አደሮቿም ስም እዚያው ተመዘገበ። አንዲት አከራይ «አላስወጣሽም» ማለቷ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ የተደረገው ይህ ቃል ስለተነገረ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ንክኪ የሚለው ታማሚው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ውስጥ አንድ ሌሊትም ቢሆን በአንድ ቤት አብሮት ያደረን፣ ወይም ቀን ቀን በተደጋጋሚ አለዚያም ለረጅም ሰዓት በአንድ የተዘጋ ቦታ አብሮት የቆየን ሰው ነው። የሥጋ ዝምድና አልተጠየቀም። በዚህ መስፈርት ክፍሏን የተጋሩት ሦስቱ ልጆች በሙሉ ይገባሉ። ማታ ማታ እኛ ሳሎን መጥታ ቴሌቪዥን ታይ ስለነበር እናቴና እኔም ገባን። ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ግን የእህቴ ልጅ ነበረች። ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ውሎዋ ከተከራዮቹ ጋር ነው፤ እየተቀባበሉ ያዝሏታል።

እናቴ «እሷማ ስትወለድ ተከትባለች» አለች። ክንዷ ላይ ያለው የቢሲጂ ጠባሳ እውነትም ይታያል። ክትባቱ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሰው ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ሕፃናትን ከቲቢ ማጅራት ገትርና በመላ ሰውነት ከሚሠራጨው ከባድ ቲቢ በመጠበቅ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የሳንባ ቲቢን ግን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይከላከልም። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጀርሙ ከገባበት ወደ በሽታ የመቀየር ዕድሉ ከአዋቂ ይልቅ ከፍ ያለ ነው፤ ከቀየረም የሚከፋው በፍጥነት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግቢያችን የመጣችው በከሰዓት በኋላ ነበር፤ እናቴ ቡና አፈላች፤ ሁላችንም በረንዳው ላይ ተቀመጥን። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነሣችው ከሦስቱ ልጆች አንዷ ነበረች፤ ጥያቄዋም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። «እኔ ምንም አላመመኝም። ሳትመረምሩኝ ጀርሙ እንዳለብኝ በምን አወቃችሁ?»

የባለሙያዋን መልስ በራሴ ቃል ላስቀምጠው። የቲቢ ጀርም ወደ ሰውነት ገባ ማለት ሰውየው ታመመ ማለት አይደለም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ጀርሙ ገብቶበት እንደሚያውቅ ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ 5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ሌሎቹ ላይ እንደተዳፈነ ፍም ተቀምጦ ይቀራል። ፍሙ የሚቀጣጠል ከሆነ ግን አደጋው ከፍተኛ የሚሆነው ጀርሙ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ከቲቢ ታማሚ ጋር በአንድ ቤት የኖሩ ሰዎችን የመረመሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ግማሽ ያህሉ ድብቅ ጀርም ተገኝቶባቸዋል፤ ከመቶ 3 ያህሉ ደግሞ በዚያው ምርመራ ቲቢ ታመው ተገኝተዋል። ድብቁን ጀርም የሚያሳይ የቆዳና የደም ምርመራ አለ፤ ነገር ግን በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ቢገኝም ወደፊት ማን እንደሚታመም አይናገርም። ስለዚህ ምርመራው የለም ተብሎ ሕክምናው እንዳይቀር የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። መደረግ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየው አሁን በሽታው እንደሌለበት ማረጋገጥ።

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። መከላከያው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት መድኃኒት ብቻ የያዘ ነው፤ ጥቂትና የተኛ ጀርም ለማጥፋት ይበቃል። ሳንባው ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ጀርም የሚራባበት ታማሚ ግን አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ ይፈልጋል። ለእሱ መከላከያውን ብቻ ቢሰጡት ደካሞቹ ጀርሞች ይሞቱና መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ይቀራሉ፤ በዚህም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይፈጠራል። ባለሙያዋ እያንዳንዳችንን ስለ ሳል፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሌሊት ላብ፣ ስለ ክብደት መቀነስ አንድ በአንድ የጠየቀችው ለዚህ ነው። ከልጆቹ አንዷ «እኔንም ትንሽ ያስለኛል» ስትል መድኃኒቱ ለእሷ አልተጀመረም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ተልካ አክታ ሰጠች፤ ራጅም ተነሣች። ሁለቱም ነጻ ሆነው ሲገኙ ጀመረች። ሳሏን ደብቃ ቢሆን ኖሮ ምን ሊፈጠር ይችል እንደነበረ አስቡት።

ላልታመመ ሰው መድኃኒት መስጠት የሚያስነሣው ጥርጣሬ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጆርጅ ኮምስቶክ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ቲቢ ክፉኛ ባጠቃት በአላስካ፣ ቤቴል በምትባል አካባቢ፣ አይሶናያዚድ የተባለውን መድኃኒት ላልታመሙ ሰዎች በየቤታቸው እየሰጡ አጠኑ። ሰዎች ምን ብለው እንደሚያስቡ ያውቁ ነበርና መድኃኒቱን እሳቸውም ቤተሰባቸውም ዋጡት። በጥናቱ መድኃኒቱን ያገኙት ሰዎች ላይ በሽታው በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ጥበቃው ከ19 ዓመታት በኋላም ይታይ ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ ሐኪሙ ከቤተሰባቸው መጀመራቸው ነው።

አይሶናያዚድ ብቻውን ሲሆን በየቀኑ ለስድስት ወር ይዋጣል። ለጤነኛ ሰው ስድስት ወር በጣም ረጅም ነው። ይህን ያቀለለው ሪፋፔንቲን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ከአይሶናያዚድ ጋር ተዳምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ወር፣ በድምሩ 12 ጊዜ ብቻ ይወሰዳል። ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ በደቡብ አፍሪካ፣ በሞዛምቢክና በአገራችን በኢትዮጵያ በተካሄደ ጥናት ሳምንታዊውን ከጀመሩት ከመቶ 90 ያህሉ ሲጨርሱ የስድስት ወሩን የጨረሱት ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። ዋጋውም ትልቅ እንቅፋት ነበር፤ በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. በተደረገ ስምምነት የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና ከ45 ዶላር ወደ 15 ዶላር ወረደ። ዛሬ እናቴ በነጻ የምትወስደው መድኃኒት እጇ የገባው እንዲህ ባለ ጥናትና ስምምነት አልፎ ነው።

እናቴና እኔ ሳምንታዊው ተሰጠን፤ ሁለቱ በአንድ ተዋሕደው የተሠሩበት ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሦስት ፍሬ ነው። ወቅቱ ፍልሰታ ነበርና እናቴን ያስጨነቃት ጾሙ ሆነ። የታመመ ሰው በጾም መድኃኒት ቢወስድ ማንም አይፈርድበትም፤ እሷ ግን አልታመመችም፤ መድኃኒቱም ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት። ሲስተሯ ቀኑን ራሷ እንድትመርጥ ስትነግራት መላው ተገኘ። እሑድን መረጠች፤ ቅዳሴ አስቀድሳ ስትመለስ በሽሮ ወጥ እንጀራዋን ትቀምስና መድኃኒቷን ትውጣለች። እኔንም ከጎኗ አስቀምጣ ታስውጠኛለች።

ሽንት ብርቱካናማ እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮን ነበር፤ እንባና ላብም እንዲሁ ቀለም ይይዛሉ። አስቀድሞ ባይነገረን ኖሮ ግን እናቴ ደም መስሏት በመጀመሪያው ቀን ታቆመው ነበር። በአንዳንዱ ሳምንት በማግስቱ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይደክመኝና ይቆረጥመኝ ነበር፤ ሲመሽ ይለቀኛል። እግር ላይ የመደንዘዝና የመጠቅጠቅ ስሜት እንዳይመጣ ቫይታሚን ቢ6 ተጨምሮ ተሰጠን። በቁም ነገር የተነገረን ስለ ጉበት ነው፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከብርቱካናማነት አልፎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ማስመለስና የማያቋርጥ ድካም ከመጣ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሕክምናው እስኪያልቅ መጠጥም አይጠጣም።

ለሕፃኗ የተሰጣት ግን ሌላ ዓይነት፣ በየቀኑ ለሦስት ወር የሚወሰድ ነው። ሚዛን ላይ ቆማ 13 ኪሎ ሆነች፤ በክብደቷ ልክ ሦስት ፍሬ ታዘዘላት። ፍሬዎቹ ውኃ ሲነካቸው ይሟሟሉ። እህቴ በትንሽ ብርጭቆ ጥቂት ውኃ ታደርግና ትጨምራቸዋለች፤ ጥቂት ቆይቶ ይበተኑና ቀላ ያለ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነገር ይሆናል። ልጅቷ ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆውን ገልብጣ ታሳያለች። ትንሽ ውኃ ተጨምሮ ታችኛው ላይ የቀረው እንደገና ይጠጣል፤ እህቴ ይህን አንድ ቀን አትዘልም። የልጅ መድኃኒት በዚህ መልክ ባልተሠራበት ጊዜ እናቶች የአዋቂ ኪኒን እየሰበሩና እየፈጩ ነበር የሚሰጡት፤ መጠኑንም በግምት።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። የዓለም መሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ተሰብስበው እስከ 2022 ድረስ ለ30 ሚሊዮን ሰዎች መከላከያውን ለማድረስ ቃል ገብተው ነበር። የተደረሰው ወደ ግማሽ ያህሉ ነው። ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች የተቀመጠው ግብ ግን ከታቀደው በላይ ተሳክቷል፤ ወደ ኋላ የቀሩት የታማሚ ቤተሰቦችና አብሮ አደሮች ናቸው። ምክንያቱ አይጠፋኝም። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀድሞውኑ ወደ ጤና ተቋም ይመላለሳል፤ እዚያው ይሰጠዋል። አብሮ አደር ግን ጤነኛ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበት ጉዳይ የለውም። እሱ ዘንድ መሄድ ያለበት ጤና ጣቢያው ነው።

ይህ እንደሚቻል ደግሞ እዚሁ ሲዳማ ታይቷል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስላቸውን ሰዎች እየለዩ፣ አክታቸውን እዚያው እየሰበሰቡ፣ ተቆጣጣሪዎች በሞተር ብስክሌት ወደ ላቦራቶሪ እያደረሱ ሠርተው ነበር። የታማሚን ቤተሰብ ይጎበኙ፣ ምልክት ለሌላቸው ሕፃናትም መከላከያውን ይሰጡ ነበር። አክታቸው ላይ ጀርም ተገኝቶ የሚመዘገቡ ሰዎች ቁጥር በዓመት ከ100,000 ሕዝብ ከ64 ወደ 127 ከፍ አለ። ቀድሞ ያልተገኙት ሰዎች በየቤታቸው እየሳሉ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ፈተናው ከተማው ነው፤ ተከራይ በየጊዜው ቤት ይቀይራል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሥራ ሰዓት ስትመጣ ልጆቹ ፋብሪካ ናቸው፤ ወይም ከሌሊት ፈረቃ ተመልሰው ተኝተዋል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች የእሑድ ጉብኝት ቢደረግ ብዙ ሰው ይገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ለባለሙያዎቹም የዕረፍት ቀናቸውን የሚያካክስ ክፍያ ሊታሰብላቸው ይገባል።

ያስላት የነበረችው ልጅ በደንብ እየጨረሰች ነው። ሁለተኛዋ መድኃኒቱን ጀምራ ሳለ ሥራ ለቃ ወደ ዲላ፣ ወደ ወላጆቿ ሄደች፤ የማስተላለፊያ ወረቀት ተጽፎላት እዚያ ባለው ጤና ጣቢያ ቀጥላለች። እናቴ በየሳምንቱ እየደወለች ታረጋግጣለች።

ሦስተኛዋ ግን እንቢ አለች። ያቺ «በምን አወቃችሁ?» ብላ የጠየቀችው ናት። ሁላችንም መልሱ አላረካትም ብለን ነበር የገመትነው። ቆይታ ለእናቴ ለብቻዋ የነገረቻት ሌላ ነው። ክንዷ ላይ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ የወሊድ መከላከያ አስቀብራለች፤ ሪፋፔንቲን ያለበት መድኃኒት ደግሞ የሚቀበረውንም በየቀኑ የሚዋጠውንም የወሊድ መከላከያ ኃይል ይቀንሳል። ይህን ባለሙያዋ ስታስረዳ ሰምታለች፤ ሌላ ዘዴ መጠቀም እንደሚቻልም ሰምታለች። ነገር ግን ሰው በተሰበሰበበት በረንዳ ላይ «እኔ ዘንድ አለ» ብላ መናገር አልቻለችም። ያላገባች ልጅ ናት። ይህ ጥያቄ ለእያንዳንዷ ሴት በግል፣ በር ተዘግቶ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ነው፤ ቡና ላይ የሚነሣ አይደለም።

እናቴ ጉዳዩን ለሲስተሯ ስም ሳትጠራ አማክራ መጣች። አይሶናያዚድ ብቻውን ከወሊድ መከላከያው ጋር አይጋጭም፤ በየቀኑ የሚዋጠውን የስድስት ወሩን መውሰድ ትችላለች። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «ስድስት ወር ረጅም ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሆኖም ቅዳሜ ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ ከእናቴ ጋር ጤና ጣቢያ ለመሄድ ተስማምታለች፤ ለሲስተሯ በቀጥታ የምትጠይቀው ጥያቄ እንዳላትም ነግራናለች።